አይሁድ ከሞት በኋላ ስላለው ሕይወት ምን ይላሉ?

የሥራ ባልደረባዬ እናት አርፈው ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ባልደረባዬ አይሁዳዊ ነው። ቤት ስገባ መስታወቶቹ ሁሉ በጨርቅ ተሸፍነዋል። እሱና እህቱ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሸሚዙ ደረት ተቀዷል። ጠረጴዛው ላይ የተቀቀለ እንቁላልና ምስር አለ። ንፍሯችን ትዝ አለኝ። ጎረቤቱ ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። ድንኳኑ የለም እንጂ ያው ለቅሶ ቤት ነው።

ትንሽ ቆየሁና ጠየቅኩት። በእናንተ እምነት የእናትህ ነፍስ አሁን የት ናት? ጥያቄው ለእኔ ከባድ አልነበረም። እኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቢጠየቅ መልስ አያጣም። እሱ ግን ዝም ብሎ አሰበ። በመጨረሻ፣ ስለዚያ ጉዳይ ብዙ ዓይነት አስተያየት አለ አለኝ። ከዚያ ለሚቀጥሉት 11 ወራት በየቀኑ ምን ማድረግ እንዳለበት አንድ በአንድ ነገረኝ። እሱን ሲናገር ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ሳነብና ስጠይቅ ቆይቻለሁ። ብዙ ሰው «አይሁድ ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ብለው አያምኑም» ሲል እሰማለሁ። ስህተት ነው። ሃይማኖተኛው አይሁዳዊ ሙታን ይነሣሉ ብሎ በየቀኑ ይጸልያል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የአይሁድ እምነት የወዲያኛውን ዓለም ካርታ አንድ ወጥ አድርጎ አልሳለውም። ሊቃውንቱ ተከራከሩበት፣ ክርክሩንም እንዳለ ጽፈው አስቀመጡት። አንድ ወጥ የሆነው በሕይወት ያለው ሰው ለሞተው የሚያደርገው ነገር ነው።

ከራሳችን ቋንቋ ብንጀምር ነገሩ ይቀለናል። ሲኦል፣ ገነት፣ ገሃነም እንላለን። ሲኦል በዕብራይስጥ «ሼኦል» ነው። ገነት ዕብራይስጡ «ጋን ኤደን» ሲል ካለው «ጋን» ጋር ዘመድ ነው፤ የአረብኛው ጀነትም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ገሃነም ደግሞ የእውነት ቦታ ነበር። «ጌ ሂኖም» ይሉታል፣ የሄኖም ሸለቆ ማለት ነው። ዛሬም ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከአሮጌው ከተማ ቅጥር በስተ ደቡብ ይገኛል፤ ሰው ይንሸራሸርበታል። በነገሥታቱ ዘመን አንዳንዶች ልጆቻቸውን በእሳት የሠዉት እዚያ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ቦታውን አጥብቆ ረገመው። ስሙም እያደር የቅጣት ስም ሆነ። ጀሀነም የሚለው የሙስሊሞች ቃልም ሥሩ ይኸው ሸለቆ ነው።

እንግዲህ ሦስቱም ሃይማኖቶች በአንድ ቃል ይናገራሉ። የሚሉት ግን አንድ አይደለም። ይህን ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ኦሪትን ከዘፍጥረት እስከ ዘዳግም ስናነብ አንድ የሚገርም ዝምታ እናገኛለን። ሕዝቡ ቢታዘዝ ዝናብ በወቅቱ ይዘንባል፣ እህሉ ይበረክታል፣ ዕድሜው ይረዝማል። ባይታዘዝ ድርቅና ስደት ይመጣል። ብታዘዝ መንግሥተ ሰማያት እገባለሁ፣ ባልታዘዝ እሳት ይጠብቀኛል የሚል ቃል ግን የለም። ያዕቆብ ልጁ ዮሴፍ የሞተ ሲመስለው፣ እያዘንኩ ወደ ልጄ ወደ ሲኦል እወርዳለሁ ይላል። ልብ በሉ፣ ያዕቆብ ነው ይህን የሚለው። በዚያ ዘመን ሲኦል የኃጥአን ብቻ አልነበረም። ጻድቁም ክፉውም የሚወርድበት ጸጥ ያለ ጥልቅ ቦታ ነው። መጽሐፈ መክብብ እዚያ ሥራም እውቀትም ጥበብም የለም ይላል። መዝሙረኛው ደግሞ ሙታን እግዚአብሔርን አያመሰግኑም ይላል። ሳኦል በዓይንዶር ሴት አማካይነት ሳሙኤልን ሲያስነሣ ነቢዩ ለምን አወክኸኝ ብሎ ይቆጣል። ተኝቶ እንደ ተቀሰቀሰ ሰው።

ለምን ይህ ሁሉ ዝምታ? አንዳንድ ሊቃውንት መልሱን ግብፅ ውስጥ ይፈልጉታል። እስራኤል ወጣሁበት የሚለው አገር ሀብቱንና ጉልበቱን በመቃብር ላይ ያፈሰሰ አገር ነው። ሬሳ ይደርቃል፣ ፒራሚድ ይሠራል፣ ካህኑ የሙታን አገልጋይ ነው። ኦሪት ተቃራኒውን አዘዘች። ካህን ከቅርብ ዘመዱ በቀር ሬሳ አይንካ አለች። እስከ ዛሬ ከካህናት ወገን ነኝ የሚል ጥንቁቅ አይሁዳዊ መቃብር ቦታ ውስጥ አይገባም። ይህ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ታሪክ አይደለም። እኔን ግን ያሳምነኛል። የሞት አምልኮ በነገሠበት አካባቢ ለነበረ ሕዝብ፣ ስለ ሞት ዝም ማለት ራሱ ንግግር ነው።

ዝምታው የተሰበረው በመከራ ዘመን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ዓመት ገደማ ንጉሥ አንጥያኮስ አራተኛ የአይሁድን ሕግ ከለከለ። ልጇን ያስገረዘች እናት ተገደለች። ሰንበት የጠበቀ ተገደለ። የቀድሞው ቃል አሁን ተገላበጠ። ታዛዡ ሰው በታዛዥነቱ ይሞታል፣ ከሃዲው ይኖራል። ታዲያ ፍርድ የት ሄደ? ብዙ ተመራማሪዎች የዳንኤል 12ኛው ምዕራፍ የተጻፈው በዚያ ዘመን ነው ይላሉ። በምድር ትቢያ ካንቀላፉት ብዙዎች ይነቃሉ ይላል፤ እኩሌቶቹ ወደ ዘላለም ሕይወት፣ እኩሌቶቹ ወደ እፍረት። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለ ትንሣኤና ስለ ፍርድ እንዲህ ግልጽ የሆነ ሌላ ቃል የለም።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ የሚያኮራ ነገር አለ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። 22ኛው ምዕራፉ ላይ ሄኖክ በምዕራብ አንድ ታላቅ ተራራ ያያል። በተራራው ውስጥ ጥልቅ ዋሻዎች አሉ፤ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን ይቆዩባቸዋል። ጻድቃን ለብቻ ናቸው፣ የሚያበራ የውሃ ምንጭ አላቸው። ኃጥአን ለብቻ ናቸው። የዚህ መጽሐፍ የአራማይክ ቁርጥራጮች በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል። ተመራማሪዎች ይህን የሄኖክ ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ሦስተኛው መቶ ዓመት ያደርሱታል። ሲኦል ለሁሉም አንድ የሆነ ጨለማ መሆኑ ቀርቶ ክፍል ክፍል ሲኖረው የምናየው እዚህ ነው። አይሁድ በኋላ መጽሐፉን ተዉት። እኛ ጋ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ተቆጥሮ ቆየ።

በኢየሱስ ዘመን ክርክሩ ገና አልተቋጨም ነበር። ሰዱቃውያን ትንሣኤ የለም ይሉ ነበር፤ በኦሪት አልተጻፈምና። ፈሪሳውያን አለ ይሉ ነበር። የወንጌል አንባቢ ይህን ያውቀዋል። በ70 ዓ.ም. (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አፈረሱ። ሰዱቃውያን ከቤተ መቅደሱ ጋር ጠፉ። የቀሩት የፈሪሳውያን ወራሾች የሆኑት ረቢዎች ናቸው። የዛሬው የአይሁድ እምነት የእነሱ ልጅ ነው። በ200 ዓ.ም. አካባቢ የተጠናቀረው የረቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና፣ እስራኤል ሁሉ በሚመጣው ዓለም ድርሻ አለው ይላል። ከዚያ ድርሻ የሌላቸውን ሲቆጥር የሙታን ትንሣኤ በኦሪት የለም የሚለውን ከፊት ያስቀምጠዋል። ዘወትር በሚጸለየው ጸሎት ሁለተኛው ቡራኬም «ሙታንን የምታስነሣ» እያለ ያመሰግናል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሚሽናን በሚያብራራው ትልቁ የረቢዎች መጽሐፍ፣ በተልሙድ ውስጥ ነው ያለው። አባት ልጁን፣ ዛፍ ላይ ውጣና የወፍ ጫጩቶች አምጣልኝ አለው። ኦሪት ጫጩት የሚወስድ እናቲቱን አስቀድሞ ይልቀቅ ትላለች፤ ይህን ላደረገ ዕድሜው ይረዝማል። አባቱን ላከበረም ዕድሜው ይረዝማል። ልጁ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ፈጸመ። አባቱን ታዘዘ፣ እናቲቱን ወፍ ለቀቀ። ሲወርድ ወድቆ ሞተ። ኤሊሻ ቤን አቡያ የተባለ ታላቅ ሊቅ እምነቱን የተወው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ነው የሚሉ አሉ። የኤሊሻ የልጅ ልጅ ረቢ ያዕቆብ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ረጅም ዕድሜ የተባለው በዚህ ዓለም አይደለም፣ ሁለንተናው ረጅም በሆነው ዓለም ነው አለ። ተልሙዱ፣ አያትየው እንደ ልጅ ልጁ ተርጉሞት ቢሆን ኖሮ ባልሳተ ነበር ይላል።

የአይሁድ የወዲያኛው ዓለም እምነት ከየት እንደ ተወለደ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። የመጣው ከጉጉት አይደለም። ከፍትሕ ጥያቄ ነው የመጣው። ያ ልጅ እንዲሁ ቀረ ወይ ነው ጥያቄው።

አሁን ወደ ገሃነም እንመለስ። በሦስቱ ሃይማኖቶች መካከል ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ይመስለኛል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ጻድቅ ከሆነች ወደ ገነት፣ ኃጥእ ከሆነች ወደ ሲኦል ትሄዳለች። በዕለተ ምጽአት ሥጋና ነፍስ ተዋሕደው ይነሣሉ። የመጨረሻው መንግሥተ ሰማያት ወይም ገሃነመ እሳት ነው፣ ሁለቱም የዘላለም ናቸው። በእስልምና ሟቹ በቀብር ውስጥ ሙንከርና ነኪር በተባሉ መላእክት ይጠየቃል። እስከ ቂያማ፣ ማለትም እስከ ትንሣኤ ቀን፣ በርዘኽ በሚባል መቆያ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ሒሳብ (የሥራ ምርመራ)፣ ሲራጥ (ድልድዩ)፣ ጀነት ወይም ጀሀነም።

የአይሁድ ገሃነም ግን የጊዜ ገደብ አለው። ረቢ አቂባ፣ የኃጥአን ፍርድ በገሃነም 12 ወር ነው ማለቱ በሚሽና ተጽፏል። ተልሙድ ከዚህ የሚያስወጣቸው አሉ፤ እምነትን የካዱና ሕዝብን ያሳሳቱ የከፋ ይጠብቃቸዋል። ለአብዛኛው ሰው ግን ገሃነም መታጠቢያ ነው ማለት ይቻላል። ነፍስ ገብታ ትነጻለች፣ ትወጣለች። ሌላም አለ። በሰንበት ቀን የገሃነም እሳት ያርፋል ይላሉ ረቢዎቹ። ኃጥኡም እንኳ ሰንበት አለው። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ።

የካቶሊክ መካነ ንስሐ ለዚህ ቅርብ ይመስላል። ካቶሊኮች በ1274 በሊዮን፣ በ1439 ደግሞ በፍሎረንስ ጉባኤ በቀኖና አጸኑት። ለእነሱ ግን መካነ ንስሐ ከገሃነም የተለየ ቦታ ነው፤ ገሃነም ለብቻው ዘላለማዊ ሆኖ ይቀራል። በአይሁድ ዘንድ ግን ራሱ ገሃነም ነው የሚያነጻው። ፕሮቴስታንቶች መካነ ንስሐን አይቀበሉም፤ ለሙታን የሚደረገውንም ጸሎት በአብዛኛው ትተውታል።

ባልደረባዬ የነገረኝ የ11 ወር ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ወላጁ የሞተበት ልጅ «ካዲሽ» የሚባል ጸሎት በየቀኑ በጉባኤ ይላል። ቋንቋው አራማይክ ነው። የሚገርመው፣ በዚህ የሐዘን ጸሎት ውስጥ ስለ ሞትም ስለ ሟችም አንድ ቃል የለም። ታላቁ ስሙ ከፍ ከፍ ይበል፣ ይቀደስ እያለ ከዳር እስከ ዳር ፈጣሪን ያመሰግናል። ለምን 12 ወር ሙሉ አይደለም? ምክንያቱም 12 ወር የኃጥአን ነው። ልጁ አንድ ዓመት ሙሉ ቢል እናቴ ኃጥእ ነበረች ማለት ይሆንበታል። ስለዚህ አንድ ወር ያስቀራል። በ16ኛው መቶ ዓመት የክራኮው ረቢ ሙሴ ኢሰርልስ ልማዱን ጽፈውታል። በአንድ ወር ውስጥ ይህን ያህል የልጅ ክብር ይታያችሁ።

ካዲሽ ብቻውን አይባልም፤ 10 ሰው ያስፈልጋል። ጥንት አዋቂ ወንዶች ብቻ ነበሩ፣ ዛሬ በብዙ ማኅበረሰብ ሴቶችም ይቆጠራሉ። ሐዘንተኛው ቤቱ ቆልፎ መቅረት አይችልም ማለት ነው። በየቀኑ ወጥቶ ሰው ፊት መቆም አለበት። ሰዎቹም ለእሱ ሲሉ መምጣት አለባቸው። እድር ያለው ሕዝብ ይህ አይጠፋውም።

በመካከለኛው ዘመን የተጻፈ አንድ ታሪክ ደግሞ ከእኛ ተአምራት መጻሕፍት የወጣ ይመስላል። ረቢ አቂባ መንገድ ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ ራቁት ሰው እንጨት ተሸክሞ ሲሮጥ ያገኙታል። ሰው ነህ ወይስ ጋኔን ይሉታል። የሞተ ሰው ነኝ ይላል። ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር፤ ለሀብታም ያደላል፣ ድሃውን ያጠፋል። አሁን በየቀኑ እንጨት ይሰበስብና በዚያው እሳት ይቃጠላል። ነፃ የሚወጣው ልጁ በጉባኤ ቆሞ ምስጋናውን ሲያሰማና ጉባኤው ሲመልስለት ብቻ ነው። ግን ሲሞት ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፣ የልጁን ነገር አያውቅም። አቂባ አገሩን ፈልገው ሄዱ። ልጁ ያልተገረዘ፣ ያልተማረ፣ በሰው የተጠላ ሆኖ አገኙት። አስተማሩት። ልጁ በጉባኤ ቆሞ ባመሰገነ ጊዜ አባቱ ከቅጣቱ ወጣ። በሕልም መጥቶም አመሰገናቸው።

በእስልምናም የታወቀ ሐዲስ አለ። ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፣ ከሦስት ነገር በቀር። እነሱም የማይቋረጥ ሰደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት እውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ ናቸው። የእኛ ኦርቶዶክሶች ደግሞ ፍትሐት፣ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እንላለን። አደራረጉ ይለያያል። ሟች በሕያው ሰው በኩል ይጠቀማል የሚለው ሐሳብ ግን ሦስቱም ጋ አለ።

ከገሃነም በኋላስ? «ኦላም ሀባ» ይሉታል፣ የሚመጣው ዓለም። ይህ ዓለም ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ወዲያው የሚገኝ ነው ወይስ ከትንሣኤ በኋላ? እዚህ ላይ ታላላቆቹ ሊቃውንት ተለያዩ። ካይሮ አጠገብ በፉስጣጥ የኖረው ሐኪምና ፈላስፋ ማይሞኒደስ በ1204 ያረፈ ሰው ነው። ለእሱ የሚመጣው ዓለም ሥጋ የለበትም፤ መብል መጠጥ የለም፣ ነፍስ ፈጣሪዋን በማወቅ ትደሰታለች። መሠረት ያደረገው የተልሙድ ቃል ነው፤ ጻድቃን አክሊል ደፍተው ከመለኮት ብርሃን እየተደሰቱ ይቀመጣሉ የሚለውን። ሰዎች ታዲያ ትንሣኤን ካድክ ብለው ከሰሱት። በ1191 መልስ ጻፈ። አልካድኩም አለ፤ ሙታን ይነሣሉ፣ ይኖራሉ፣ እንደገና ይሞታሉ፣ የመጨረሻው ግን የነፍስ ሕይወት ነው። ከእሱ በኋላ የተነሣው ናሕማኒደስ አልተስማማም። የተነሣው ሥጋ ከነፍሱ ጋር ለዘላለም ይኖራል አለ። ሁለቱም ዛሬ እኩል ይከበራሉ፣ እኩል ይጠናሉ። በሌላ ሃይማኖት እንዲህ ያለ ልዩነት ጉባኤ ያስጠራ ነበር። እዚህ ግን ተማሪው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግቶ ያነባል።

ትንሣኤው ከሥጋ ጋር ስለሆነ ሬሳ ማቃጠል በጥንቱ ሥርዓት ክልክል ነው። ሟቹ ይታጠባል፣ ኪስ የሌለው ነጭ በፍታ ይለብሳል፣ በቶሎ ይቀበራል። ሙስሊም አንባቢ ከፈኑን ያስታውሳል። ከዚህ የባሰ የሚገርም መመሳሰልም አለ። ረቢዎቹ በአከርካሪ ውስጥ «ሉዝ» የሚባል የማይጠፋ ትንሽ አጥንት አለ፣ ፈጣሪ ሰውን ከእሱ ያስነሣዋል ይላሉ። በሐዲስም ከጭራ አጥንት በቀር የሰው ገላ ሁሉ ይበሰብሳል፣ በቂያማ ሰው ከእሱ ይገጣጠማል ተብሏል። ትንሣኤ ከኢየሩሳሌም ይጀምራል ብለው የሚያምኑ አይሁድ ደግሞ ደብረ ዘይት ላይ መቀበርን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመኙ ኖረዋል። በተራራው ላይ ዛሬ ሰፊ የአይሁድ መቃብር ቦታ አለ።

ማን ይድናል ለሚለው ጥያቄ የአይሁድ መልስ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ለመዳን አይሁዳዊ መሆን አያስፈልግም። በጥንት ረቢ ኤሊዔዘርና ረቢ ኢያሱ ተከራክረውበታል። የጸናው የረቢ ኢያሱ ቃል ነው፤ ከአሕዛብ መካከል ጻድቃን አሉ፣ እነሱም በሚመጣው ዓለም ድርሻ አላቸው። መለኪያው ለኖኅ ልጆች የተሰጡት ሰባት ትእዛዛት ናቸው፤ ጣዖት አለማምለክ፣ አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ ፍርድ ቤት ማቆምና የመሳሰሉት። ክርስትና መዳን በክርስቶስ ነው ይላል። እስልምና በአላህ አንድነትና በመልእክተኛው ማመንን ያስቀድማል። አይሁድ ሰውን ወደ ሃይማኖታቸው ለማስገባት ብዙም የማይጥሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጎረቤቴ ይጠፋብኛል ብሎ የሚሰጋ የለም።

ስለ ነፍስ መመላለስም ትንሽ ልበል። ካባላ በሚባለው ምሥጢራዊ ትምህርት ነፍስ ተመልሳ በሌላ ሰው ትወለዳለች፤ «ጊልጉል» ይሉታል። በ10ኛው መቶ ዓመት ሳዓድያ ጋዖን ይህን ሐሳብ አጥብቆ ተቃውሞታል። በ16ኛው መቶ ዓመት በጽፋት ከተማ የኖረው ይስሐቅ ሉሪያ ደግሞ አስፋፋው። ዛሬ ሐሲድ ከሚባሉት አጥባቂ አይሁድ ብዙዎቹ ያምኑበታል። ከሂንዱና ከቡድሃ እምነት ጋር አንድ ነው ማለት ግን ትክክል አይደለም። እዚያ ግቡ ከመወለድ አዙሪት መውጣት ነው። እዚህ ነፍስ የምትመለሰው ያልፈጸመችው ትእዛዝ ስላለ ነው። ሥራ ቀርቷት ነው የምትመጣው።

ዘመናዊው ዘመንም የራሱን አመጣ። በ1885 ሪፎርም (ተሐድሶ) የሚባለው ዘመናዊ ወገን የአሜሪካ ረቢዎች በፒትስበርግ ተሰብስበው የሥጋ ትንሣኤንና ዘላለማዊውን ገሃነም አንቀበልም አሉ። ነፍስ አትሞትም የሚለውን ያዙ። የጸሎት መጽሐፋቸውም እያደር «ሙታንን» ከማለት «ሁሉን ሕያው የምታደርግ» ወደ ማለት ተለወጠ። ኦርቶዶክስ አይሁድ የጥንቱን ቃል አልነኩም። ብዙ ዓለማዊ አይሁድ ደግሞ ከሞት በኋላ ምንም የለም ይላሉ፤ ለእናታቸው ግን ካዲሽ ይቆማሉ።

የእኛዎቹ ቤተ እስራኤልስ? ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ተልሙድ እነሱ ጋ አልደረሰም። የ12 ወሩን ፍርድ፣ ካዲሹን፣ የማይሞኒደስን ክርክር አያውቁትም ነበር። ኦሪታቸው በግእዝ ነው። ሄኖክና ኩፋሌ አሏቸው። ስለ ሙሴ አሟሟት የሚተርከው ሞተ ሙሴ አላቸው። ራእየ ጎርጎርዮስ ደግሞ የጻድቃንን ማረፊያና የኃጥአንን ቅጣት ያሳያል። አንዳንዱ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው መጻሕፍት ተወስዶ ለእምነታቸው የተስተካከለ ነው። ተአዛዘ ሰንበት በሚባለው መጽሐፋቸው ሰንበት ራሷ እንደ ሴት ሆና ትቀርባለች፤ ለነፍሳትም ትማልዳለች። ረቢዎቹ ሰንበት ለኃጥአን ዕረፍት ናት ካሉት ጋር እንዴት እንደሚቀራረብ ተመልከቱ። ሁለቱ ግን አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ያነበበ አይመስልም።

ሥርዓታቸውም የኦሪት ነበር። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ ይቆያል፣ ከዚያ ይነጻል። ለሟች ግን ተዝካር ያወጣሉ፣ ቄሶቹ ይጸልያሉ፣ ዘመድ ይበላል። በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ዘመቻዎች እስራኤል የገቡት ቤተሰቦች ሺቫን (የሰባት ቀኑን ለቅሶ) እና ካዲሽን እዚያ አገኙ። ተዝካሩንም ይዘው ገቡ። ረቢዎቹ ስለ ወዲያኛው ዓለም ከሚከራከሩት ክርክር ውጭ የኖረ ሕዝብ፣ ሕያው ለሟች ዕዳ አለበት ከሚለው ግን አልወጣም።

የአበው ምዕራፍ በሚባለው የሚሽና ክፍል ውስጥ በረቢ ያዕቆብ ስም የተቀመጠ ቃል አለ። በዚህ ዓለም አንዲት ሰዓት ንስሐና መልካም ሥራ ከሚመጣው ዓለም ሕይወት ሁሉ ይበልጣል ይላል። ወዲያው ደግሞ፣ በሚመጣው ዓለም አንዲት ሰዓት ዕረፍት ከዚህ ዓለም ሕይወት ሁሉ ይበልጣል ይላል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ደስታው እዚያ ነው፤ መሥራት የሚቻለው ግን እዚህ ብቻ ነው። ባልደረባዬ ስለ እናቱ ነፍስ ስጠይቀው ስለ ራሱ ግዴታ የመለሰልኝ ለዚህ ይመስለኛል። ጥያቄዬን መሸሹ አልነበረም።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሺቫው አበቃ። ልማዱ ነውና እሱና እህቱ ከዝቅተኛው ወንበር ተነሥተው ጫማቸውን አደረጉ፣ ከቤት ወጥተው ሰፈሩን አንድ ዙር ዞሩ። ማታ ወደ ምኩራብ ሄደ። ዘጠኝ ሰዎች ቀድመው ደርሰው እየጠበቁት ነበር።